ሰው ያልተኛበት አልጋ

አሜሪካ ደርሼ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ የምጠየቀው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛው «ሕንፃው እንዴት ነው?» ሁለተኛው «ለምን ተመለስሽ?»። ስለ ሕንፃው የማውቀው ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ቀን ያሳለፍኩት በአንድ አፓርትመንት፣ በአንድ መኪና የኋላ ወንበርና በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የተመለስኩት ደግሞ ቤቴ እዚህ ስለሆነ ነው። ይህን የምጽፈው ከሁለቱ ጥያቄዎች ሌላ ሊጠይቁኝ ለፈለጉና ለፈሩ ሰዎች ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬአለሁ። የከተሞቹን አልቀየርኩም፤ ከተማ አያፍርም።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ስለኖርኩ ሰው ሳይ መጀመሪያ የማየው ትከሻውን ነው፤ ፊቱን ቆይቼ ነው የምደርስበት። የተጓዝኩት ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ላይ፣ ወንድሜን ሰይፉን ለመጠየቅ ነው። ሰይፉ በአሥር ዓመት ያንሰኛል፤ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። ዲቪ ደርሶት ከሄደ አሥራ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። የሚኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራው ሆስፒታል ውስጥ ከሰው ክንድ ደም መቅዳት ነው። ዶሮ ሲታረድ አልጋ ሥር የሚገባ ልጅ ነበር።

ሰይፉ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ ሲነግረን «የምኖረው ከቤቱ ባለቤት ጋር ነው» ነበር የሚለን። ስለ እኚህ ባለቤት ሲያወራ አንድ ቀን እሱም እሷም ብሎ አያውቅም፤ እሳቸው ነው የሚለው። እሳቸው ታመው ነበር፣ እሳቸው ሰላም ብለዋችኋል፣ እሳቸው መኪና ለወጡ። አማርኛ ለትልቅ ሰው ወንድነትና ሴትነት አይጠይቅም፤ እኛም አልጠየቅንም። እናታችን ግን አንድ ቀን «ምግብ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው» ሲላት ሰማችና ባለቤቱ ደግ ባልቴት ናቸው ብላ ወሰነች። እማዬ ከወሰነች በኋላ ቤታችን ውስጥ ይግባኝ የለም።

ስለዚህ ስሄድ ለባልቴቷ ቀሚስ ልስፋ አልኩና ልካቸውን በስልክ ጠየቅኩት። ቁመታቸው ከእሱም ይበልጣል አለኝ። ትከሻቸው ሰፊ ነው አለ። ደረታቸውን ስጠይቀው ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ፤ ቆይቶ «ያን ያህልም አይደለም» አለ። ወገባቸውስ ስለው «ቀጥ ያለ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለች ሴት ሰፍቼ አላውቅም። ግን ሰው እንደ ቁመናው ነውና ጥለቱን በእጄ ጠልፌ፣ በሦስት ሳምንት ጨረስኩት።

አርብ

ጠዋት ዋሽንግተን አረፍን። የሻንጣ መውሰጃው ጋ አንዲት ትንሽ ውሻ መጥታ ሻንጣዬ ሥር ቁጢጥ አለች። የወደደችኝ መስሎኝ እራሷን ደባበስኳት። ለካ ቋንጣውን አሽትታ ነው። የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥተው አራት ኪሎውን ቋንጣ ወሰዱት። እኛ አገር ውሻ ሥጋ ሲያገኝ ይበላል፤ እዚያ ተቀምጦ ይመሰክራል። ስከራከር ያየች የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኛ፣ በርክ የሚባል ሰፈር የምትኖር የአገሬ ሴት፣ እግሬ ጤነኛ መሆኑን እያወቀች ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጣ ረጅሙን ሰልፍ አሳለፈችኝ። ስትለየኝ «ሥጋው ግን ሲያናድድ» አለችኝ። ከአጽናኙ ሁሉ የእሷ በቃኝ።

ሰይፉ ከአንድ ረጅም፣ ጸጉራቸው ነጭ ከሆነ ሰው ጋር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ስንላቀስ ስንሳሳም ሰውየው ሁለቱንም ሻንጣ ይዘው ቆሙ። ትከሻቸውን አየሁ፤ ሰፊ ነው። ሰይፉ «አቶ መርዕድ ናቸው» አለኝ፤ መኪናውም የእሳቸው ነበር። ጎረቤት ይሆናሉ አልኩ። መንገድ ላይ ከኋላ ወንበር «ባለቤቱስ ደህና ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሰይፉ «ደህና ናቸው» አለ። እየነዱ የነበሩት አቶ መርዕድ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ሰው የማያውቃትን ባልቴት ጤና ሰምቶ እንዲህ ሲያመሰግን ደግነት ነው ብዬ አደነቅኳቸው።

አፓርትመንቱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰይፉ ከሁሉ በፊት ያሳየኝ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ቀዳዳ ነው፤ ቆሻሻ በዚያ ሲጥሉት በራሱ ምድር ቤት ይወርዳል። እኛ ሰፈር ማክሰኞን እንጠብቃለን። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ አርብ ስለነበር ምስርና ጎመን ነው። ምስሩ ከእኔ ይሻል ነበር፤ ይህን ለማንም በአፌ ተናግሬ አላውቅም። ማን ሠራው ስል አቶ መርዕድ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ጊዜው አሁን ነው ብዬ ቀሚሱን ከሻንጣው አውጥቼ፣ ቆሜ፣ እማዬ እንዳለችኝ በሁለት እጄ ይዤ «የቤቱ ባለቤት የት አሉ?» አልኩ።

አቶ መርዕድ እጃቸውን በሶፍት ጠርገው ተነሡ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ቀሚሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። ከዚያ ዘርግተው ሸሚዛቸው ላይ ለኩት። ትከሻው ትከሻቸው ላይ ዐረፈ፤ ጥለቱ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ወረደ። ማናችንም አልሳቅንም። «ልኩ ልክ ነው» አሉ። በስልክ ተለክቶ ልክ መምጣቱ መጀመሪያ አስደሰተኝ፤ ሌላው ሐሳብ ወረፋ ጠብቆ ነው የመጣው። አፍሬ ወደ እጀ ጠባብ ልለውጥልዎት አልኳቸው። አይንኩት አሉኝ። ባለቤቱ ወንድ ነው ማለት ነው፣ እማዬ ተሳስታለች፣ ወጥ የሚሠራ ወንድ አከራይ ማግኘትም ዕድል ነው ብዬ ነገሩን ዘጋሁት።

የተሰጠኝ ክፍል ውስጥ ጎማ ያለው ተጣጣፊ አልጋ ተዘርግቶልኛል። ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል አልጋው መንጫጫት ጀመረ። ዞር ስል ይንጫጫል፤ ስተነፍስ ይንጫጫል። አንሶላውን ብገልጠው ፍራሹ ከነፋብሪካው ላስቲክ ነው። እኛም አገር የሶፋ ላስቲክ ራሱ ካልተቀደደ አይወልቅምና አልገረመኝም። ግን አሥራ ሰባት ሰዓት በረራ የመጣ ሰው ትዕግሥት የለውም፤ መቀሴን አውጥቼ ቀደድኩትና ጠቅልዬ በዚያ በተደነቅኩበት ቀዳዳ ለቀቅኩት። ከዚያ በኋላ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ስነቃ ሰይፉ በሩ ላይ ቆሟል። «ላስቲኩስ?» አለኝ። ጣልኩት አልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ይፈለግ ነበር እንዴ ስለው አይ አለ፤ ከዚያ ግን ምድር ቤት ወርዶ ሲፈልግ ቆይቶ እጁን ታጥቦ ተመለሰ። ላስቲክ የሚያስለቅስ አገር ነው አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ

ሥራ መፍታት ስለማልችል ልብስ ልተኩስ ብዬ ቁም ሳጥናቸውን ከፈትኩ። ሁለት ዓይነት ልክ ያለው ሸሚዝ አለ፤ ሰፊው የአቶ መርዕድ፣ ጠባቡ የሰይፉ። የገረመኝ የተሰቀሉበት ነው። አንዱ ሰፊ፣ ቀጥሎ ሁለት ጠባብ፣ ከዚያ ሰፊ። የሰይፉ ሸሚዞች ቁልፍ የተተከለው በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ክሩ በመስቀል ነው የተጠመጠመው። የአቶ መርዕድም እንደዚያው። ሰይፉ መርፌ መያዝ እንደማይችል አውቃለሁ። ደባሎች ቤት ይጋራሉ፤ ልብስ አይደባልቁም። ክፍሉ ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ሁለት ትራስ አለው።

አቶ መርዕድ ገበያ ልሂድ ብለው ወጡ። የወጡት ሆን ብለው እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ሰይፉን ተጣጣፊው አልጋ ለምን ላስቲክ እንደነበረው ጠየቅኩት።

«እትዬ፣ እዚያ አልጋ ላይ ሰው ተኝቶ አያውቅም።»

«ዘጠኝ ዓመት አንተ የት ነበር የምትተኛው?»

ጥያቄው ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ መልሱ ገባኝ። እሱ ግን ጀምሮ ስለነበር ጨረሰው። አልጋውን የገዙት ለሰው ዓይን ነው። እንግዳ ኮል አድርጎ ልመጣ ነው ሲል ይዘረጉታል፤ ብርድ ልብስ ያለብሱታል፤ ሰይፉ መነጽሩንና አንድ መጽሐፍ ትራሱ ላይ ያስቀምጣል። እንግዳው ሲሄድ ያጥፉታል። ላስቲኩን ያላወለቁት አልጋው የማንም እንዳልሆነ ለራሳቸው እንዲያስታውሱ ነው።

«ባለቤቴ ናቸው» አለኝ።

«የቤቱ ነበር ያልከኝ።»

«የቤቱም ናቸው» አለ።

ደነገጥኩ። አፈርኩም፤ ተጸየፍኩ ብል ውሸት አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ምን እንደምታስተምር አውቃለሁ፤ እናቴንም አውቃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ተናደድኩ፣ የተናደድኩትም በኃጢአቱ ብቻ አልነበረም። በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ ዘጠኝ ዓመት መነጽሩን ማንም በማይተኛበት ትራስ ላይ እያስቀመጠ ሲኖር እኔ አላውቅም ነበር። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

አስፋልቱ ጋ ስደርስ አውቶቡስ መጣ፤ ገባሁ። እኛ አገር ታክሲ ሄዶ ይመለሳል፤ ረዳቱ ባትጠይቀውም ይጮህልሃል። እዚያ ረዳት የለም፤ የሚጮህ ሰውም የለም። ስቀመጥ ስቀመጥ ሰው ሁሉ ወረደና እኔም ወረድኩ። ሰፈሩ ላንግሊ ፓርክ ነው፤ አሮጌ የሸክላ አፓርትመንቶች፣ በረንዳው ሁሉ ልብስ የተሰጣበት። አዲስ አበባን የመሰለኝ የመጀመሪያው ቦታ ነው፤ ልብስ የሚያሰጣ ሕዝብ አይጥለኝም አልኩ። ጋሪ ላይ ማንጎ የምትሸጥ አንዲት ስፓኒሽ የምትናገር ሴት አየችኝ፤ የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀመጠችኝ። አማርኛ አወራኋት፣ በራሷ መለሰችልኝ፣ ተግባባን። ሚጥሚጣ የነሰነሰችበት ማንጎ ሰጠችኝና ቦርሳዬ ውስጥ ካለው ወረቀት ላይ ቁጥሩን አይታ ደወለች።

የመጡት አቶ መርዕድ ናቸው፤ ሰይፉ በእግሩ እየዞረ እየፈለገኝ ነበር። አልተቆጡኝም። ለራሳቸውም ማንጎ ገዝተው ከጎኔ ቆሙና አንድ መስኮት በጣታቸው አሳዩኝ፤ መጀመሪያ የኖሩት እዚያ ነው። ከዚያ ሐሙስ ቀን ልባቸውን ሊከፍቱት እንደሆነ ነገሩኝ። ሐኪሞቹ ግማሽ ተስፋ ነው የሰጧቸው።

«እኔ ብሞት ሰው አይጠፋም፤ እድሩ ሙሉውን ይመጣል» አሉኝ። «ሃያ ዓመት ለሁሉም ደርሻለሁ። ግን ለእኔ ነው የሚመጡት። ለሰይፉ ብሎ የሚመጣ የለም። ደባሉ ሞተበት ተብሎ ማን ለቅሶ ይደርሰዋል? አንድ ሰው ለእሱ ብሎ እንዲኖርለት ነው የጠራንዎት።»

ማንጎዬን ጨረስኩ።

ከእሑድ እስከ ማክሰኞ

በእነዚህ ቀናት ጥቂት ተናገርኩ፣ ብዙ በላሁ። አቶ መርዕድ የልብስ ማጠቢያውን ማሽን አስተማሩኝ፤ እኔ ደግሞ ነጠላዬንና ነጭ ካኒቴራቸውን ከጥቁር ካልሲ ጋር አጥቤ ሁሉንም ግራጫ አደረግኩት። ግራጫ ይስማማኛል አሉ። ያንን ግራጫ ካኒቴራ ለሁለት ቀን ለበሱት። ማክሰኞ እማዬ ጋ ደወልኩ። ባልቴቷን ጠየቀችኝ። ታመዋል፣ ሐሙስ ልባቸውን ሊቀደዱ ነው አልኳት፤ ለገብርኤል ጥላ ተሳለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው እኔም እሳቸው ስል እንደነበር ያስተዋልኩት። ማንም ሳያስተምረኝ ሦስት ቀን አልፈጀብኝም።

ረቡዕ

አሌክሳንድሪያ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ቨርጂኒያ ይባላል፤ ሌላ ክፍለ ሀገር ነው፤ ግን ኬላም ፈታሽም የለም። የሄድነው አልጋውን ጭነን ነው። እዚያ አንድ የሕዝብ አዳራሽ ውስጥ እንደ ሰይፉና እንደ አቶ መርዕድ ያሉ ሰዎች ከቤታቸው አንድ አንድ ዕቃ አምጥተው ለአንድ ወር ለሕዝብ ያሳያሉ፤ ከዕቃው ጋር ታሪኩን ካርድ ላይ ይጽፋሉ። ሐሳቡን ያመጡት አቶ መርዕድ ናቸው፤ ቢላው ከመድረሱ በፊት አልጋው ይድረስ ብለዋል። አልጋው መኪናዋ ጣሪያ ላይ በገመድ ታስሮ ድልድዩ ላይ ስንደርስ አንደኛው ጎማ ወልቆ ወደቀ። ሰይፉ ልቁም ሲል አቶ መርዕድ «ሂድ፣ ከዚህ ወዲያ የትም አይሄድም» አሉት።

የአዳራሹ ኃላፊ ሸንቃጣ ነጭ አሮጊት ናቸው። ካርዱ በእንግሊዝኛ ቀድሞ ተጽፏል፤ ሰይፉ ተረጎመልኝ። «ተጣጣፊ አልጋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሁለት ሰዎች ለእንግዳ ዓይን የገዙት። በዘጠኝ ዓመት ማንም አልተኛበትም፤ የፋብሪካው ላስቲክ እንዳለ ነው።» ስም አልተጻፈበትም። አሮጊቷ ፍራሹን አገላብጠው ላስቲኩ የት አለ ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለካ ሰይፉ አርብ ዕለት ቆሻሻ ውስጥ የፈለገው ይህንን ነው። በቀዳዳው ጣልኩት በልልኝ አልኩት። አምስት ሌሊት የተኛሁበትም እኔ ነኝ በልልኝ አልኩት። አሮጊቷ ብዙ አሰቡና ካርዱን ወስደው በእጃቸው አንድ መስመር ጨመሩበት። «አሁን አንድ ሰው ተኝቶበታል፤ እህት» ይላል። ከአዲስ አበባ ይዤ የሄድኩት ማዕረግ ሁሉ ተሰርዞ ያ ቀረኝ፤ አልከፋኝም።

እየዞርኩ ሌላውንም አየሁ። የፖስታ ሳጥን ላይ የሚለጠፍ የስም ሰሌዳ አለ፤ ሁለት ሴቶች አርባ ዓመት እህትማማች ነን ብለው በአንድ የአባት ስም ኖረዋል። በነሐስ ያስቀረጹት ስም የማናቸውም አይደለም። አንድ ወታደር ከጦር ሜዳ ለወላጆቹ የጻፈው ደብዳቤም መስታወት ሥር አለ፤ ስለ ወዳጁ ጽፎ ሲያበቃ፣ «እሱ» ያለበትን ሁሉ በሌላ ቀለም «እሷ» አድርጎታል። አንዱን ረስቶታል። እዚያ ደብዳቤ ፊት ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ምስኪኑ በእኛ ቋንቋ ቢጽፍ እሳቸው ብሎ ይገላገል ነበር። ግን ቀለሙን ሳይደርቅ እንዳሻሸው አየሁ፤ እጁ ቸኩሏል። የማላውቀው ልጅ ስለሆነ ማልቀስ ቀለለኝ።

አልጋዬ ለሕዝብ ዕይታ ስለዋለ ያን ቀን ያደርኩት እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ የእናቴ የአክስት ልጅ ጸዳለ ጋ ነው። ጸዳለ የእድሩ ጸሐፊ ናት፤ ሰው ሲታመም ሐኪም የምታነጋግር፣ ሰው ሲሞት ሬሳ የምታስልክ እሷ ናት። የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ፤ እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበችልኝ። እራት ላይ ራሷ ጀመረችው።

«አስኩ፣ እዚህ የማያውቅ ሰው የለም» አለችኝ። «አቶ መርዕድ ወንበር ያልተሸከሙበት ለቅሶ የለም፤ እንወዳቸዋለን። የነገሩን ስም እስካልጠሩት ድረስ አብረን እንበላለን፣ አብረን እንጠጣለን።»

«ከተጠራስ?»

«ያን ጊዜ መወሰን ይመጣብናል። ለሰርጀሪው ሁላችንም ኦፍ ወስደናል። አንቺም ነገ ምንም እንዳትይ።»

አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጇ ይህን ስትሰማ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናግራ ከማዕዱ ተነሣች። ምን አለች ስላት ጸዳለ «ጠግቤአለሁ አለች» አለችኝ። ረጅም ጥጋብ ነበር።

ሐሙስ

አንባቢ እንዳይጨነቅ አስቀድሜ ልንገር፤ አቶ መርዕድ ድነዋል። ይህን እስክጽፍ ድረስ ምስሩን እየሠሩ ነው። ያን ቀን ግን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ጸዳለ ሆስፒታሉ ፓርክ አድርጋ ስንገባ እድሩ ቀድሞናል። እኛ አገር ታማሚ የሚጠየቅበት ሰዓት አለ፣ ዘበኛም አለ። እዚያ ዘበኛ ስላልነበረ ማረፊያው ክፍል በእኛ ሰው ሞላ፤ ከጀርመንታውን ድረስ የመጡ ነበሩ። ሳህንና ፔርሙዝ ወለሉ ላይ ተደርድሯል። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ለስንት ታማሚ ነው የመጣችሁት ብላ ጠየቀች። ለአንድ ነው ሲሏት መነጽሯን አወለቀች። ሰይፉ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም።

ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየሄደ ጨበጠው። «እግዚአብሔር ይማርልን» ይሉታል። ባል የታመመባት ሴት ብትሆን ይማርልሽ ይሏታል። ልጅ ብትሆን ይማርልሽ ነው። ለእሱ ግን ሁሉም ሰው «ን» ላይ አቆመ። ይማርልን። ታማሚው የሁላችን ናቸው፣ ማለትም የአንተ አይደሉም። ሽማግሌው የእድር ሊቀ መንበር እንደዚያ አሉ፤ ጸዳለ እንደዚያ አለች። ተራዬ ሲደርስ ጸዳለ እያየችኝ ነበር። እኔም ወንድሜን ጨብጬ «ይማርልን» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «አሜን» አለ። የዚያን ጊዜ ያየኝ አስተያየት እስካሁን ያመኛል። ሩቅ አገር ድረስ የጠራኝ ለዚያች አንዲት ፊደል ነበር፤ ከለከልኩት።

አራት ሰዓት ያህል ቆየን። መካከሉ ላይ የሰይፉ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። እማዬ ናት። እኔ የዚያን ዓይነት ስልክ ስለማላውቅ መስታወቱን ብነካው ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ላጠፋው ስሞክር ጭራሽ ከፍ አለ። እማዬ ደግሞ በስልክ ስታወራ አሜሪካ ድረስ ያለ ስልክ እንዲሰማት ነው የምትጮኸው።

«ሰይፉዬ፣ እሳቸው እንዴት ሆኑ?»

«ውስጥ ናቸው እማዬ» አለ።

«አይዞህ ልጄ። እግዜር ይማርልህ። ዘጠኝ ዓመት ያበሉህ፣ ስትታመም ያስታመሙህ፤ ከእሳቸው ሌላ እዚያ ማን አለህ? አንተን እንዳያሳዝንህ ስል ለገብርኤል ጥላ ተስያለሁ። ይማርልህ የኔ ልጅ፣ ይማርልህ።»

እናት በአደባባይ ስትመርቅ ዝም የሚል የአበሻ ሰው አልተፈጠረም። ክፍሉ በሙሉ፣ ሊቀ መንበሩ ጭምር፣ «አሜን» አሉ። ካሉ በኋላ ነው ምን እንዳሉ የገባቸው። አንዳንዱ ወደ ሳህኑ አየ፤ አንዳንዱ ነጠላውን አስተካከለ። እማዬ «ማን ነው አሜን የሚለው?» አለች። ሰይፉ «ሰዎች ናቸው» አላት። እማዬ ምን እንደምታውቅና ምን እንደማታውቅ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ የለበሰች ሐኪም በሩን ከፍታ የአቶ መርዕድን ስም ጠራች፤ አስከትላም ፋሚሊ አለች። ያን ቃል አውቀዋለሁ። ሁሉም ሰው እንደ ልማዱ ወደ ጸዳለ ዞረ፤ ጸዳለም እንደ ልማዷ ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች። ሰይፉ አልተነሣም። ወደ እኔም አላየም፤ አንድ ጊዜ አይቶኝ ነበርና።

የጸዳለን ነጠላ ጫፍ ያዝኩ። ለስለስ አድርጌ ይዤው እንደሆነ አላስታውስም።

«ተቀመጪ ጸዳለ» አልኳት፣ ሁሉም ይሰማል። «ቤተሰባቸው እሱ ነው።»

ጸዳለ ጥቂት ቆማ ቆየች፤ ከዚያ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሰይፉ ተነሥቶ በሰዎቹ እግርና በሳህኖቹ መካከል እየተጠነቀቀ አለፈ። ሐኪሟ በሩን ያዘችለት። እሱ ገብቶ እስኪዘጋ ድረስ ሌላ የተነሣ ሰው አልነበረም።